በዳዊት ማኅደር ያደረ የእንግሊዝ ተረት

ባለቤቴ በሞተ ሰሞን ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሁሉ ስለ እንግሊዝኛው አወሩ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መምህር ሲሆን ተማሪዎቹ የነበሩ፣ ዛሬ ራሳቸው የሸበቱ ሰዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው፣ “ቋንቋውን እንደ እሱ የሚያሳምረው አልነበረም” እየተባባሉ አመሰገኑት። ያ እንግሊዝኛ ቤታችን ውስጥ ያደረገውን የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ሰው ሲሞት የሚያምረው ብቻ ይወራል። የቀረውን እኔ እጽፈዋለሁ። ዓይኔ ቶሎ ስለሚደክም በቀን ጥቂት መስመር ነው የምገፋው፤ ግን እጽፈዋለሁ።

ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ማርያም በሚወርደው መንገድ ግርጌ፣ የጭቃ ቤት ነበረን። ባለቤቴ ሚሲዮን ተምሮ ለአንድ የውጭ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ ሲሄድ ሥራውም አብሮት ሄደ። ባለቤቴን ያስተማረችው እንግሊዛዊትም አገሯ ልትገባ ሻንጣዋን ስታስር፣ የማትወስደውን ዕቃ ለተማሪዎቿ አከፋፈለች። ለአንዱ ብርድ ልብስ ደረሰው፤ ለአንዱ ትልቅ ድስት። ለባለቤቴ የልጆች ተረት መጽሐፍ ደረሰው። እውነቱን ለመናገር እኔ ድስቱን ነበር የተመኘሁት።

የመጽሐፉ ታሪክ ይህ ነው። ሦስት ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገጠር ወዳለች አክስታቸው ይላካሉ። አክስትየው አህያና ጋሪ ትሰጣቸውና፣ “ሂዱ፣ አገሩን እዩ” ትላቸዋለች። እነሱም ያለ አንድ ትልቅ ሰው፣ በየቁጥቋጦው አጥር መካከል እየተጓዙ፣ ሲመሽ ጋሪው ሥር እየተኙ ይሰነብታሉ። አንድ ቀን ወንዝ ዳር የተተወ የውኃ ወፍጮ ያገኛሉ። እዚያ ውስጥ ሌቦች ከቤተ ክርስቲያን የሰረቁት ደወል ገለባ ለብሶ ተቀምጧል። ልጆቹ ሌቦቹን ይከታተላሉ፣ ይደበቃሉ፣ በመስኮት ይሾልካሉ። በየመሀሉ ደግሞ ይበላሉ። እንደዚያ የሚበላበት ታሪክ አላየሁም፤ ዳቦ በቅቤ፣ ዳቦ በማር፣ ብስኩት፣ ሻይ። እኛ የተልባ ወጥ አጥተን በምናድርበት ጊዜ።

ሰዓት እላፊው ቀደም ብሎ ስለሚጀምር ምሽቱ ረጅም ነበር። ባለቤቴ ገና ጀንበር ስትጠልቅ በሩን ይቀረቅርና መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እንግሊዝኛውን በዓይኑ እያየ በአማርኛ ለልጃችን ይነግራታል። ያኔ የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነበር። ዝም ብላ የምትሰማ ልጅ አልነበረችም።

“አባባ፣ ይለፍ ወረቀት ማን ሰጣቸው?”

“ይለፍ አያስፈልጋቸውም።”

“ለምን?”

“አገራቸው ነዋ!”

“እኛስ? አገራችን አይደለም?”

ባለቤቴ ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ወደ ምድጃው ተመለከትኩ።

“ወታደሮቹስ የት ሄደው ነው?” አለች እንደገና።

“ወታደር የለም። አንድ ፖሊስ አለ፤ ወፍራም፣ ብስክሌት የሚነዳ።”

“ይተኩሳል?”

“ኧረ እሱ! ከብስክሌቱ ላይ ይወድቃል እንጂ።”

ልጅቷ በሳቅ መደቡ ላይ ተንከባለለች። “እንደገና ይውደቅ! አባባ፣ እንደገና ጣለው!” ባለቤቴ ፖሊሱን ሦስት አራት ጊዜ ጣለላት። እኔም ሳቅሁ። ከበራችን በላይ ያለውን የባሕር ዛፍ ጫካ ግን ልጄ በሩቁ ከማየት በቀር አታውቀውም። ጫካው ውስጥ አርበኛ አለ ተብሎ፣ ቅጠል ልትለቅም የወጣች ጎረቤታችን በጥይት ተመትታ ቀርታለች። በእንግሊዝ አገር ልጆች ገጠር የሚወጡት ሊደሰቱ ነው። እኛ ዘንድ ገጠር የሚወጣው ሊሞት ወይም ሊገድል ነበር።

በዚያ የካቲት ከተማው በደም ከታጠበ በኋላ፣ የውጭ ቋንቋ የተማረ ሰው ሁሉ ይታደን ጀመር። ከባለቤቴ ጋር የተማሩት አንድ በአንድ ተወሰዱ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። እሱ ጫማውን አወለቀ፣ ኮቱን ሸጠ፣ ጣሊያኖች ግንድ በሚያስጠርቡበት ቦታ ተሸካሚ ሆኖ ገባ። ስሙን መጻፍ አልችልም ብሎ በአውራ ጣቱ ይፈርም ነበር። ማታ ሲመጣ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀለም በአመድ ያሸው ነበር።

“ያንን መጽሐፍ አቃጥለው” አልኩት።

“የልጆች ተረት እኮ ነው። ማነው በልጆች ተረት ሰው የሚገድል?”

“ተረት መሆኑን ጣሊያኑ በምን ያውቃል? የእንግሊዝ ፊደል መሆኑን ነው የሚያየው!”

“እሱን ካቃጠልኩት” አለኝ መዳፉን እያሳየኝ፣ “ከእኔ የሚቀረው ግንድ ተሸካሚው ብቻ ነው።”

እኔም ሞኝ ሆኜ አዘንኩለት። ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ሳይነግረኝ ነው ያደረገው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ሴት ልጅ መሆኔን ሳይቆጥር ዳዊት አስተምሮኛል። ሳገባም በገዛ እጁ ብራና ላይ የጻፈውን ዳዊት፣ ከነቆዳ ማኅደሩ ሰጠኝ። ማኅደሩ ከራስጌያችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ፈታሾች ቤት ሲበረብሩ ብዙ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተሰቅሎ ስለሚያዩ አይነኩትም ነበር። አንድ ቀን ውኃ ቀድቼ ስመለስ፣ ባለቤቴ የአባቴን ዳዊት ከማኅደሩ አውጥቶ የእንግሊዙን መጽሐፍ አስገብቶበታል። ዳዊቱ በነጠላ ተጠቅልሎ ጎታ ውስጥ፣ ጤፍ መሀል ተቀብሯል።

ጮህኩ፤ አለቀስኩ። በኋላ ግን፣ ማኅደሩ በድንገት ቢከፈት እንኳ ዓይን እንዳይስብ ብዬ፣ ለዚያ መጽሐፍ የዳዊት የሚመስል ቀይ የጨርቅ ልብስ በገዛ መርፌዬ ሰፋሁለት።

እንዲህ ሆነን ስንኖር ፊት ለፊታችን የሚኖሩት ሽማግሌ አረፉ። የንብ ቀፎ ይሠሩ የነበሩ፣ ሲያገኙኝ ሁልጊዜ ስለ ልጄ ጥርስ የሚጠይቁኝ ደግ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነበር። ካኪ ለብሶ፣ ሰፈሩን ከላይ እስከ ታች በዓይኑ እየለካ የሚያልፍ ሰው። ስንቱን ሰው እንዳስወሰደ ሁሉም ያውቃል፤ ሰላምታ የሚነፍገው ግን አልነበረም።

እኔ በዚያ ጠዋት ምንጭ ወርጄ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ነው። እንስራዬን ተሸክሜ ስገባ ዓይኔ ግድግዳው ላይ አረፈ። ማኅደሩ የለም።

“ማነው እዚህ የገባው?”

“የሰፈር እትዬዎች መጡ” አለች ልጄ፣ ደስ ብሏት። “የቀፎው አባባ ሞቱ። ዳዊት ይደገምላቸው ብለው ሲጠይቁኝ በርጩማ ላይ ቆሜ አውርጄ ሰጠኋቸው።”

ምን ልበላት? ደግ ነው ያደረገችው። በእኛ ዘንድ ሰው ሞቶ ዳዊት የተጠየቀ ቤት እምቢ አይልም። የደብሩ መሪጌታ የገዛ ዳዊታቸው በየካቲት ቤታቸው ሲቃጠል አብሮ ነድዷል። በሰፈሩ ዳዊት ያለው ሰው እኔ መሆኔን ሁሉም ያውቃል።

ጎታው ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ዳዊቱን አወጣሁ፤ ከነጤፉ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ነጠላዬን አጣፋሁበትና ሮጥኩ። ለቅሶ ቤት የምትሮጥ ሴት ማንንም አታስገርምም።

ደረስኩ፤ ግን ዘገየሁ። አስከሬኑ ቃሬዛ ላይ ነው። መሪጌታ ከራስጌው ተቀምጠዋል፤ ማኅደሩ ጉልበታቸው ላይ ነው። አጠገባቸው እሳቸውን የሚያግዝ አንድ ጎልማሳ ደብተራ፣ ከወዲያ ደግሞ አስተርጓሚው፣ ጥቁር ጨርቅ በካኪው ክንድ ላይ አስሮ ተቀምጧል። ሴቶቹ መሀል ገብቼ ተቀመጥኩ። መሪጌታ ጠፍሩን ፈቱ፤ መጽሐፉን አወጡ፤ ሽፋኑን ሳም አድርገው ገለጡት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል የአህያይቱ ነው። ጆሮዋ ላይ አበባ የሰኩባት፣ ሦስቱ ልጆች ጋሪው ላይ ሆነው የሚስቁበት ሥዕል።

መሪጌታ ሥዕሉን አዩት። አንገታቸውን ቀና አድርገው ሴቶቹን በዓይናቸው ቃኙና እኔ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። አስተርጓሚው የላቲን ፊደል ያነባል፤ ጣሊያንኛ አለመሆኑን ለማወቅ አንድ መስመር ይበቃዋል። ባለቤቴ በዚያ ሰዓት ትከሻው ላይ ግንድ ተሸክሞ ነበር። ሕይወቱ ግን የመሪጌታ ጣቶች መሀል ናት፤ እሱ አያውቅም።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከመጀመሪያው መዝሙር ጀመሩ። በቃላቸው ነው። ዓይናቸውን አህያይቱ ላይ ተክለው፣ ጣታቸውን በእንግሊዙ መስመር ላይ እያንፏቀቁ፣ ትንሽ ቆይተው ቅጠሉን ይገልጣሉ። ጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ጆሮዬ ላይ ተጠግተው፣ “አነባበብ ማለት ይህ ነው! ዓይናቸውን እንኳ ከመጽሐፉ አይነቅሉም” አሉኝ።

ደብተራው አንገቱን አስግጎ ወደ መጽሐፉ ሲያዘነብል መሪጌታ በክርናቸው ጎሰም አደረጉት። “ወደዚያ ፈቀቅ በል፤ ብርሃኑን ከለከልከኝ!”

እስኪረፋፍድ ደገሙ። ድምፃቸው ሻከረ። አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ፣ “መሪጌታ፣ ደከሙ። እሱ ይቀበልዎት እንጂ” አላቸው።

“እሱ?” አሉ መሪጌታ ደብተራውን በጎሪጥ አይተው። “ፊደል ሲለይ ይቀበለኛል።”

ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው የሳቁ ነበሩ። ደብተራው በንዴት ጠቆረ፤ መጽሐፉን ዳግመኛ ቀና ብሎ አላየውም። ቃሬዛው እስኪነሣ ድረስ መጽሐፉ ከመሪጌታ እጅ አልወጣም። ሲነሣ ወደ ማኅደሩ መልሰው ጠፍሩን አሰሩ፤ ሰው ሲተራመስ አጥሩ ሥር ጠሩኝ።

“አንቺ የሊቅ ልጅ” አሉኝ በሹክሹክታ። “ሙት ራስጌ ቁጭ ብዬ የአህያ ሥዕል ስገልጥ ዋልኩ። ለእኒህ ሽማግሌ ዛሬ ቤቴ ገብቼ እንደ አዲስ እደግምላቸዋለሁ። ይህንን ነገር ግን እሳት ይብላው። ሰማሽ?”

“ሰማሁ፣ የኔታ።”

ማኅደሩን እንደተቀበልኩ አስተርጓሚው ከኋላችን ደረሰ። “እትዬ፣ ይህ ዳዊት እስከ አርባው እኛ ቤት ይቆይ። አባቴ የተደገመላቸው በእሱ ነው።”

“ጨርቁ ተተርትሯል” አልኩ፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። “ልስፋውና ላምጣው።”

“ነገ ጠዋት ሰው እልካለሁ።”

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው መደቡ ላይ ቁጭ አለ። የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር፣ “መጽሐፉ አልተቀደደም አይደል?” የሚል ነበር። እኔን አይደለም፣ ልጁን አይደለም፣ መሪጌታን አይደለም። ያን ጊዜ ምድጃውን ቆስቁሼ፣ “አሁን፣ እኔ እያየሁ” አልኩት።

ማቃጠሉ ወዲያው ተጀመረ። መጽሐፉን ለመጨረሻ ጊዜ ጭኑ ላይ ዘረጋ። አንድ ገጽ ያነብና ለልጃችን በአማርኛ ይነግራታል፤ ከዚያ ቅጠሉን ገንጥሎ ለእሳቱ ይሰጣል። የነገራትን አልፎ ወዳልነገራት ደረሰ። ልጆቹ በወፍጮው መስኮት ሾለኩ፤ ነደዱ። ወፍራሙ ፖሊስ ሌቦቹን ያዘ፤ ነደደ። ደወሉ በአህያይቱ ጋሪ ተጭኖ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰ። ባለ ቀለሙ ሥዕል ሲቃጠል አረንጓዴ ነበልባል አወጣ። ልጄ የአህያይቱን የመጨረሻ ሥዕል ልታስቀር እጇን ዘረጋች፤ እኔ ቀድሜ አነሣሁትና እሳቱ ውስጥ ከተትኩት።

“ቤታቸው ሲመለሱስ ማንም አልገረፋቸውም?” አለች ለቅሶዋን ስትውጥ።

“አክስታቸው ሻይ አፈላችላቸው።”

በማግሥቱ ማኅደሩ የአባቴን ዳዊት ይዞ በአስተርጓሚው አሽከር ትከሻ ሄደ። አርባው ደረሰ፤ አልመጣም። መሪጌታ ሄደው ጠየቁልኝ። አስተርጓሚው ለጣሊያን አለቃው በስጦታ ሰጥቶታል። አለቃው አሮጌ ብራና ይወዳል አሉ። የአባቴ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ሮማ ይሁን ሚላኖ፣ በማን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አላውቅም።

ለባለቤቴ ስነግረው፣ “እኔም መጽሐፌን አጥቻለሁ፤ እኩል ነን” አለኝ። እኩል! ዛሬም፣ መቃብሩ ላይ ያለው አፈር ሳይደርቅ፣ ያቺ ቃል ታንገበግበኛለች። የእሱ የማያውቀው ሰው ተረት ነበር። የእኔ የአባቴ እጅ ነበር። ለእሱ ሕይወት ከሆነ ደግሜም እሰጠዋለሁ፤ ብቻ አስቀድሞ ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ።

መጽሐፉ ነደደ፤ ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። ግን የነደደው ወረቀቱ ነው እንጂ ታሪኩ ልጃችን አፍ ውስጥ ነበር። የአስተርጓሚው ትንሽ ሴት ልጅ ከእሷ ጋር ትጫወታለች። አንድ ቀን ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ አስተርጓሚው መንገድ ላይ አስቆመው። ቤት ሲደርስ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። የተባባሉትን ቃል በቃል ነገረኝ።

“ልጅህ ተረት አዋቂ ናት” ብሎታል እየሳቀ። “የኔዋ አህያና ጋሪ እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ። የየት አገር ተረት ነው?”

“የቡልጋ ነው፣ ጌታዬ። የአያቴ ተረት ነው።”

“በቡልጋ አህያ ጋሪ ይጎትታል? ብስኩትስ አለ በቡልጋ?”

“የልጅ ነገር፤ ያየችውን ሁሉ ትጨምርበታለች።”

“ብስኩት ደግሞ የት አይታ?”

“እርስዎ ቤት፣ ከልጅዎ ጋር ስትጫወት ቀምሳ ነው።”

ይህ አስደስቶታል። “መቼስ ቤቴ አይታጣም” ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ከዚያም፣ “የኔዋ መጨረሻውን አልሰማችም። ነገ ትምጣና ትጨርስላት፤ እኔም ቁጭ ብዬ እሰማለሁ” ብሎት ሄደ።

ባለቤቴ ልጁን ጠርቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። ፊቷ በራ፤ ብዙ ጊዜ ተረት አልነገራትም ነበር።

“ያ የነገርኩሽ ሁሉ ውሸት ነው” አላት።

“የቱ?”

“ሁሉም። እንደዚያ ያለ አገር የለም። አክስትየዋ ሂዱ አላለቻቸውም፤ አህያይቱን ሰርቀው ነው የጠፉት። ጋሪም የለ፣ ደወልም የለ። ጫካ ሲገቡ መሸባቸው። ጅብ መጣና በላቸው።”

“ሦስቱንም?”

“ሦስቱንም።”

“ትንሿንም?”

“በመጀመሪያ እሷን።”

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ አስተባብይልኝ ማለቷ ነው። እኔ ምድጃውን ቆሰቆስኩ። “አህያይቱንስ?” አለችው።

“አህያይቱንም። ነገ እንደዚህ ነው የምትናገሪው። በይ፣ አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ።”

ስትሳሳት እያረመ፣ ስታለቅስ እየጠበቀ፣ አስጠናት። እኔን አባቴ ፊደል ሲያስቆጥረኝ እንኳን እንዲያ አልጨከነብኝም።

በማግሥቱ አጥሩ ሥር ቆሜ አደመጥኩ። አስተርጓሚው ወንበር አስወጥቶ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ልጄ አንድ ቃል አልሳተችም። እንዲያውም ከራሷ ጨመረች፤ አህያይቱ ስትበላ የጮኸችውን ጩኸት እያሰማች ጨረሰች። የአስተርጓሚው ልጅ ፈርታ አባቷ ጭን ላይ ወጣች። እሱ በሳቅ ፈረሰ። “ይኼ ነው እንጂ የኛ አገር ተረት!” ብሎ ከኪሱ ካራሜላ አውጥቶ ለልጄ ሰጣት።

ባለቤቴ ቤት ውስጥ በሩን ፊት ለፊት እያየ ተቀምጦ ነበር። መትረፉን ከልጁ አረማመድ ለማወቅ ይመስለኛል። ገባች፤ ካራሜላውን ጉልበቱ ላይ አኖረችለት።

“ያንተ ነው” አለችው። “የፈጠርከው አንተ ነህ።”

ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ሽሮ የምነፋበትን ወንፊት ያዘችልኝ። ተረት ንገረኝ ብላ ዳግመኛ አልጠየቀችውም። ካራሜላውን እሱ መደቡ ላይ አስቀመጠው፤ አልበላውም፣ አልጣለውምም። ቀልጦ ጉንዳን እስኪወረው ድረስ ከመካከላችን የነካው አልነበረም።